የርካሹ ሥጋ ሒሳብ በማን መዝገብ ተጽፏል?

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በኢኮኖሚ ገጻችሁ ላይ ስለ ትልልቅ የእንስሳት እርባታ ድርጅቶች የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ እንደ ማንኛውም አንባቢ፣ ቀጥሎ እርሳስ ይዤ። ጸሐፊው የሚሉት ግልጽ ነው። ብዙ ሺህ እንስሳት በአንድ ጣሪያ ሥር ሲረቡ የአንድ ኪሎ ሥጋ ወጪ ይወርዳል፤ ወጪው ሲወርድ ሥጋ ከሀብታም ገበታ አልፎ ሁሉም ቤት ይደርሳል፤ ይህን የሚቃወም ሰው ወይ ጠግቦ የሚያወራ ነው፣ ወይ ስሌት አይገባውም። የመጀመሪያውን ወቀሳ ዋጥ አድርጌ ማለፍ እችላለሁ። ሁለተኛው ግን ነካኝ፤ ስሌት የዕድሜዬ ሥራ ነውና።

31 ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከዚህ ውስጥ 11 ዓመቱን ያሳለፍኩት የሥጋ ዶሮ በሚያረባ አንድ ትልቅ ድርጅት ውስጥ ነው። ስሙን አልጠራም፤ የበላበትን ወጪት ሰባሪ መባል አልፈልግም፣ ደግሞም ከሌሎቹ የከፋ አልነበረም። ስለ ዶሮ ራሱ የማውቀው ጥቂት ነው። ልጅ ሳለሁ አንድ አውራ ዶሮ አባሮ ስለቧጠጠኝ እስከ ዛሬ በሩቁ ነው የማያቸው። የማውቀው ወረቀታቸውን ነው።

የአንድ ዙር ሒሳብ እንዲህ ነበር። አንድ ቤት 25 ሺህ የአንድ ቀን ጫጩት ይቀበላል። ስድስት ሳምንት ሳይሞላቸው ለእርድ ይወጣሉ፤ ቤቱ ይጸዳል፤ ሌላ 25 ሺህ ይገባል። ከወጪው ከግማሽ የሚበልጠው መኖ ነው፤ አንዳንዴ ሁለት ሦስተኛ ይደርሳል። ከዚያ የጫጩት ግዢ፣ ማሞቂያ፣ ጉዝጓዝ፣ ክትባትና መድኃኒት፣ ደመወዝ፣ የቤቱ የእርጅና ተቀናሽ ይከተላሉ። በየማለዳው ደግሞ ከየቤቱ አንድ ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ ይቀመጣል፤ «የሞቱ» የሚል ዓምድ አለው። 31፣ 28፣ 40፣ 26። ከመቶ አራት አምስት እስኪሞት ድረስ የሚደነግጥ የለም፤ በበጀቱ ውስጥ አስቀድሞ ተይዟል። ከ25 ሺህ አራት በመቶ ማለት 1,000 በድን ነው፤ ከአንድ ቤት፣ በአንድ ዙር። እኛ 14 ቤት ነበረን።

የሞቱት የት እንደሚገቡ የጠየቅኩት ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ከግቢው በስተጀርባ ጉድጓድ አለ ተባልኩ። ሲሞላ ይደፈንና ከጎኑ ሌላ ይቆፈራል። የቆፋሪዎቹን የቀን አበል «ልዩ ልዩ» በሚለው መደብ ሥር እመዘግብ ነበር፤ ጉድጓዱ ራሱ ግን መደብ አልነበረውም። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁን «ይህን ጉድጓድ በየትኛው መደብ ላስገባው?» አልኳቸው። «ጉድጓድ ደግሞ ምን ወጪ አለው? ተቆፈረ፣ ተደፈነ፣ አለቀ!» አሉና ሳቁ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሠራተኛ ሲታመም ከኪሳቸው የሚያወጡ ሰው ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩ ሰዎች የጉድጓድ ውሃችን ሸተተ ብለው መጡ። ተወያየን፣ ተጨባበጥን፣ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ የሚጠጡትን ውሃ በጀሪካን ሲገዙ አይ ነበር። የዚያ ውሃ ደረሰኝ እኔ ዘንድ አልመጣም። ለምን ይመጣል? የእነሱ ወጪ ነው፤ የእኛ አይደለም።

ክቡር አዘጋጅ፣ ጸሐፊዎ የደመሩት ድምር አልተሳሳተም። እኔም 11 ዓመት ስደምር አልተሳሳትኩም፤ ኦዲተሮች ምስክሮቼ ናቸው። ነገር ግን የደመርነው እኛ ዘንድ የደረሰውን ወረቀት ብቻ ነው። ሥጋው ርካሽ የሆነው ከወጪው ከፊሉ ሌላ ሰው ቤት ተልኮ ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ጊዜ ስለተረፈኝ የተላከበትን ቤት ስከታተል ቆይቻለሁ። የሚከተሉትን ዓመቶች ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በመሥሪያ ቤቱ ሳለሁ ግራ ያጋባኝ ትልቁ ነገር አንቲባዮቲክ ነበር። ደረሰኙ የሚመጣው በመድኃኒት መደብ አልነበረም፤ ከመኖው ጋር ተቀላቅሎ፣ በመኖ ዋጋ ውስጥ ነበር። የእንስሳት ሐኪማችንን «መድኃኒት ከሆነ መድኃኒት ብዬ ልመዝግበው እንጂ» ብላቸው፣ «ለታመመ የሚሰጥ አይደለም፤ እንዳይታመሙና ቶሎ እንዲያድጉ ነው፤ መኖ በለው» አሉኝ። መኖ አልኩት።

ልማዱ ከየት እንደመጣ በኋላ ነው ያነበብኩት። በ1950 አሜሪካ ውስጥ ቶማስ ጁክስና ሮበርት ስቶክስታድ የተባሉ ተመራማሪዎች ክሎርቴትራሳይክሊን የተባለው አንቲባዮቲክ ሲመረት የሚተርፈውን ዝቃጭ ለጫጩቶች ሲያበሉ ጫጩቶቹ ከሌሎቹ ፈጥነው አደጉ። ቫይታሚን ሲፈልጉ ነበር ይህን ያገኙት። ከዚያ በኋላ ከመኖ ፋብሪካ የሚወጣ ከረጢት ያለ አንቲባዮቲክ ጎዶሎ መስሎ መታየት ጀመረ። በ1976 ደግሞ ስቱዋርት ሌቪ የተባሉ ሐኪም በማሳቹሴትስ አንድ እርሻ ላይ ያደረጉትን ሙከራ አሳተሙ። ለዶሮዎቹ ቴትራሳይክሊን ያለበት መኖ ተሰጠ። በሳምንት ጊዜ ውስጥ በዶሮዎቹ አንጀት ያለው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ተላመደ። አምስት ስድስት ወር ሲሆን በእርሻው በሚኖሩት ሰዎችም አንጀት ውስጥ መድኃኒቱን የተላመደው ባክቴሪያ ከጎረቤቶቻቸው ይልቅ በብዛት ተገኘ። ቴትራሳይክሊን የዋጠ ሰው ከመካከላቸው አልነበረም። ይህ የታወቀው እኔ ሥራ ከመያዜ አስቀድሞ ነው፤ እኔ ግን «መኖ» እያልኩ እመዘግብ ነበር።

ወደ ራሴ ልመለስ። ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ዓመት ታላቅ እህቴ በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሆስፒታል ተኛች። አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ። ትኩሳቱ አልበርድ ብሎ መድኃኒቷ ሁለት ጊዜ ተቀየረ። በስድስተኛው ቀን ሐኪሟ የላቦራቶሪ ውጤቱን አሳዩኝ። ወረቀቱ የሒሳብ ሰንጠረዥ ይመስላል፤ በግራ የመድኃኒቶች ስም፣ በቀኝ አንድ አንድ የላቲን ፊደል። ከአብዛኞቹ ፊት ለፊት የተጻፈችው «አር» ነበረች፤ ባክቴሪያው ያን መድኃኒት ተላምዶታል፣ አይሠራም ማለት ነው። ቴትራሳይክሊን፦ አር። ሲፕሮፍሎክሳሲን፦ አር። ዓይኔ ወደ ታች ሲወርድ ስሞቹ አንድ በአንድ የማውቃቸው ሆኑ። ሐኪም ስለሆንኩ አይደለም፤ እነሱን ወይም የቅርብ ዘመዶቻቸውን 11 ዓመት ከመኖና ከመድኃኒት ደረሰኝ ላይ ስገለብጥ ስለኖርኩ ነው። ለምሳሌ ለዶሮ በውሃ የሚሰጠው ኢንሮፍሎክሳሲን የሲፕሮፍሎክሳሲን ወንድም ነው። አሜሪካ በ2005 ለዶሮ እንዳይሰጥ የከለከለችው በሰው ላይ ተቅማጥ የሚያመጣው ካምፒሎባክተር ይህን የመድኃኒት ወገን እየተላመደ በመሄዱ ነበር።

እህቴ በ19ኛው ቀን በደም ሥር በሚሰጥ ሌላ መድኃኒት ድና ወጣች። ባክቴሪያው ከእኛ ግቢ ነው የመጣው አልልም። ከየት እንደመጣ ማንም ሊነግረኝ አይችልም፤ በሐኪም ቤት ያላግባብ የሚታዘዘውም፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚዋጠውም ድርሻ አለው። የ19 ቀኑን ሒሳብ ግን እኛ ነን የከፈልነው። ደረሰኞቹን እስከ ዛሬ አልጣልኳቸውም፤ የሙያ አመል ሆኖብኝ።

መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በ2019 ብቻ በዓለም 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገመታል። በዓለም ከሚሸጠው የፀረ-ተሕዋስያን መድኃኒት ደግሞ ወደ 73 በመቶ የሚሆነው ለእርባታ እንስሳት እንደሚውል ተመራማሪዎች አስልተዋል። ኮሊስቲን የሚባል መድኃኒት አለ፤ ሐኪሞች ሌላው ሁሉ አልሠራ ሲል ነው የሚመዙት። በ2015 መጨረሻ የቻይና ተመራማሪዎች ኮሊስቲንን የሚያከሽፍ፣ ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው በቀላሉ የሚዘል ጂን ከአሳማዎች፣ ከሥጋና ከሆስፒታል ታካሚዎች አገኙ። በዚያን ጊዜ ኮሊስቲን በአሳማ መኖ ውስጥ በብዛት ይጨመር ነበር። ቻይና በ2017 ከመኖ አስወጣችው። ለአሳማው ጥቂት ግራም ክብደት ለመጨመር ሲባል የሰው የመጨረሻ መድኃኒት ወጥቶ ነበር ማለት ነው። ይህን በየትኛው መደብ ትመዘግቡታላችሁ?

አሁን ወደ ፍግ ልለፍ። ፍግ በእኔ መዝገብ ገቢ ነበር! «የፍግ ሽያጭ» የሚል መስመር ነበረኝ፤ መጠኑ ግን ትንሽ ነው፤ ምክንያቱም የሚገዛው ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ነበረን፤ ሌላው «ኑ ውሰዱልን» እየተባለ በነፃ ይሰጥ ነበር። ለጥቂት ዶሮ ፍግ ሀብት ነው፤ ምድር ትጠጣዋለች። 14 ቤት ሙሉ ሲሆን መሬቱ ጠግቦ ይተፋዋል፤ ወደ ውሃ ይገባል።

የአሳማው ደግሞ ከዶሮው የባሰ ነው፤ ፈሳሽ ነውና። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ምሥራቃዊ ክፍል የአሳማ ሽንትና እዳሪ የሚጠራቀመው በትልልቅ ክፍት ኩሬዎች ነው፤ ሲሞሉ በማሳ ላይ ይረጫል። በ1999 ፍሎይድ፣ በ2018 ፍሎረንስ የተባሉት አውሎ ነፋሶች ጎርፍ ሲያመጡ ኩሬዎች እየሞሉ ፈሰሱ፤ በፍሎረንስ ጊዜ ወደ 3.4 ሚሊዮን ዶሮና ቱርክ፣ 5,500 ያህል አሳማ አለቀ። ጎርፍ ባይኖርም ርጭቱ በነፋስ እየመጣ በጎረቤት ግድግዳ ላይ ያርፋል። ከስሰው ለነበሩ 10 ጎረቤቶች በ2018 የሕዝብ ዳኞች (ጁሪ) ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሣ ፈረዱላቸው። ክፍለ ግዛቱ ለካሣ ጣሪያ የሚያበጅ ሕግ ስለነበረው 3.25 ሚሊዮን ሆኖ ወረደ። የጎረቤቶቹ አፍንጫ ጣሪያ አልተበጀለትም።

በፈረንሳይ፣ ብሪታኒ በተባለው ክልል፣ ከአገሩ አሳማዎች ከግማሽ የሚበልጡት ይረባሉ። ከፍግና ከማዳበሪያ ተርፎ ወደ ወንዝ የሚገባው ናይትሬት በባሕሩ ዳርቻ አረንጓዴ አልጌ ያበቅላል፤ አልጌው አሸዋው ላይ ሲበሰብስ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። በ2009 አንድ ፈረስ በዚያ ጭቃ ውስጥ ወድቆ ሞተ፤ ጋላቢው ራሱን ስቶ በሰው እርዳታ ተረፈ። በ2011 በአንድ የወንዝ መግቢያ 36 የዱር አሳማዎች ሞተው ተገኙ። በየበጋው አልጌውን በማሽን እየዛቀ የሚያነሣው የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ወጪውም የግብር ከፋይ። ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ብንሄድ፣ በሚሲሲፒ ወንዝ የሚወርደው ናይትሮጅን ኦክስጅን አሳጥቶ ዓሣ የማይኖርበት ያደረገው ባሕር በ2017 በስፋት 22,730 ካሬ ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር። ናይትሮጅኑ በብዛት የሚመጣው በቆሎና አኩሪ አተር ከሚዘራበት መሬት ነው፤ ከዚያ ምርት ትልቁ ድርሻ ደግሞ መኖ ነው። ዓሣ አስጋሪው ዶሮ አላረባም፤ ከሥራው የጎደለውን ግን እሱ ከፍሏል።

ከሁሉ የሚገርመኝ የኔዘርላንድስ ነገር ነው። ትንሽ አገር፣ ብዙ ላም፣ ብዙ አሳማ፣ ብዙ ዶሮ። ከፍጉ የሚተነው አሞኒያ በተፈጥሮ ጥብቅ ቦታዎች ላይ እየወረደ ስላስቸገረ የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት በግንቦት 2019 የናይትሮጅን ፈቃድ አሰጣጡን ውድቅ አደረገው። ውጤቱ እርባታው ላይ ብቻ አልቆመም፤ መንገድና መኖሪያ ቤት ግንባታም ተጓተተ፤ ናይትሮጅን የሚጨመርበት ቦታ ጠፍቷልና። ቤት ሊሠራ ያሰበ ወጣት የላምና የአሳማ ሽንት ዕዳ ደረሰበት። መንግሥት በ2022 ነገሩን ለማስተካከል ወደ 24 ቢሊዮን ዩሮ መደበ፤ በኋላ የመጣው መንግሥት ሰረዘው። ሲረከስ የኖረው ሥጋ በአንድ ጊዜ 24 ቢሊዮን ሲጠየቅበት ምን ያህል ርካሽ እንደነበር ጸሐፊዎ ቢያሰሉልን ደስ ይለኛል።

ስለ በሽታ ብዙ መጻፍ ይቻላል፤ እኔ ግን ገንዘቡን ማን እንደከፈለ ብቻ እያየሁ ልለፍ። በ1998 መጨረሻ በማሌዥያ ትልልቅ የአሳማ ግቢዎች ውስጥ፣ በጋጣው ዳር ፍራፍሬ ተተክሎ ነበር፤ ያኔ ጥሩ ብልሃት ነበር፣ ከአንድ መሬት ሁለት ገቢ። የሌሊት ወፎች ፍሬውን በልተው ትራፊውን ከጋጣው ሲጥሉ አሳማዎቹ ኒፓህ የተባለውን ቫይረስ ያዙ። አሳማ ከአንዱ እርባታ ወደ ሌላው ሲሸጥ በሽታውም አብሮ ተሸጠ። 265 ሰዎች ታመሙ፣ 105 ሞቱ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አሳማዎች ተገደሉ። በዚያች ኔዘርላንድስ ከ2007 እስከ 2010 ከትልልቅ የወተት ፍየል እርባታዎች የተነሣ ኪው ትኩሳት ከ4,000 በላይ ሰው አሳመመ፤ አቧራው በነፋስ ነው የሚዛመተው፣ ፍየል ነክቶ የማያውቅ ሰው ይይዘዋል። ከ50 ሺህ የሚበልጡ እርጉዝ ፍየሎች ሲታረዱ ለባለቤቶቹ ካሣ ተከፈለ። ለበሽተኞቹ 15 ሺህ ዩሮ መከፈል የተጀመረው በ2018 ነው። ከመንግሥት ካዝና።

የብሪታንያ የእብድ ላም በሽታ ግን የሒሳብ ሰው ሊረሳው የማይገባ ነው፤ መነሻው የመኖ ወጪ ለመቀነስ የተደረገ ብልጠት ነበርና። ከእርድ የተረፈ ሥጋና አጥንት ተፈጭቶ ለላም ተሰጠ፤ ሣር በል እንስሳ የወገኑን ሥጋ በላ። በሽታው በ1986 ታወቀ። ወደ ሰው መተላለፉን መንግሥት ያመነው በ1996 ነው፤ አሥር ዓመት አለፈ። ከአራት ሚሊዮን በላይ ከብት ተገድሎ ተወገደ፣ 178 ሰዎች በማይድን የአንጎል በሽታ ሞቱ። በመኖው ከረጢት ላይ የተረፈው ሳንቲም ስንት ነበር ይሆን?

ፍትሐዊ ለመሆን ጸሐፊው እውነት ያላቸው ቦታ አለ። ስለ አየር ንብረት የሚጻፈው ሁሉ እርባታን ሁሉ በአንድ ከረጢት ይከታል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በ2013 ባወጣው ግምት የእንስሳት እርባታ ሰው ከሚለቀው የሙቀት አማቂ ጋዝ 14.5 በመቶ ድርሻ አለው፤ ከዚህ የሚበዛው ግን የከብት ነው። ለአንድ ኪሎ ሥጋ በቤት ውስጥ የሚረባ ዶሮ ከከብት እጅግ ያነሰ ጋዝ ይለቃል። የውሃውም ቁጥር እንዲሁ ነው። ተመራማሪዎቹ መስፍን መኮንንና አርየን ሁክስትራ በ2012 ባሳተሙት ስሌት አንድ ኪሎ የከብት ሥጋ 15,400 ሊትር ያህል ውሃ ይፈጃል፤ ይህችን ቁጥር የእርባታ ተቃዋሚዎች እንደ ድንጋይ ይወረውሯታል። ከዚህ ውስጥ ከዘጠና በመቶ በላዩ በግጦሽና በመኖ ማሳ ላይ የሚወርድ ዝናብ መሆኑን አይናገሩም። ይህን ደብቆ መከራከር በእኔ ሙያ ቋንቋ የሐሰት ሰነድ ነው፤ ዓላማው ጥሩ ቢሆንም።

መኖው ግን የሚበቅልበት መሬት ያስፈልገዋል። ከረጢቶቹ ላይ የመጡበት አገር ይጻፍ ስለነበር እኔም በመዝገብ ላይ አሰፍረው ነበር። ከዓለም አኩሪ አተር ሦስት አራተኛ ያህሉ ለእንስሳት መኖ ይውላል፤ የብራዚሉ ሴራዶ የተባለው የሣርና የጫካ ምድር ከጥንት ዕፅዋቱ ግማሽ ያህሉን አጥቷል፤ ለከብት ግጦሽና ለአኩሪ አተር። ዶሮዋ የምትኖረው በአንድ ትንሽ ቤት ነው፤ የምትበላበት ማሳ ግን ባሕር ማዶ ነው። የቤቱን የመሬት ኪራይ መዝግቤአለሁ፤ የማሳውን አልመዘገብኩም።

ስለ ዶሮዋም አንድ ነገር ልበል፤ ለእንስሳ የሚያለቅስ ሰው አይደለሁም። በካናዳ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ የ1957፣ የ1978 እና የ2005 ዝርያዎችን አንድ ዓይነት መኖ ሰጥተው አብረው አሳደጓቸው። በ56 ቀናቸው የመጀመሪያው 905 ግራም፣ ሁለተኛው 1,808፣ ሦስተኛው 4,202 ግራም መዘኑ። አድናቆት የሚገባው ሥራ ነው። እኔ ግን በሥራ ዘመኔ መጨረሻ በየማለዳው ቅጽ ላይ «እግር» የሚል አዲስ ዓምድ ሲጨመር አይቻለሁ፤ መቆም አቅቷቸው የተወገዱት ቁጥር ማለት ነው። ደረት እንደዚያ ሲያድግ እግር አልደረሰበትም። የዚህን ወጪ ማን ደረሰኝ ይቆርጥለታል?

የሞቱትን የሚለቅመውም ሰው አለ። ከእኔ በ15 ዓመት የሚያንስ፣ «ጋሼ» እያለ የሚጠራኝ፣ ቅጹን በየማለዳው የሚያመጣልኝ ሰው ነበር። ከጉዝጓዙ የሚነሣው አሞኒያ ዓይኑን ያቃጥለው ነበር፤ ሁልጊዜ ያለቀሰ ይመስላል። በኋላ ሳል ጀመረው፤ ቅጹን ሲሰጠኝ እያሳለ ነበር። 40 ዓመት ሳይሞላው ሥራውን ለቀቀ። በመዝገቤ ላይ ስሙ በደመወዝ ዝርዝር ውስጥ ነበር፤ በለቀቀበት ወር ስሙ ወጣ፤ ሳሉ ከስሙ ጋር ሄደ። አሁን መድኃኒቱን ማን እንደሚገዛለት አላውቅም።

ክቡር አዘጋጅ፣ «ታዲያ ምን ይደረግ?» ይሉኝ ይሆናል። እርባታ ይዘጋ የሚል ሰው አይደለሁም፤ 11 ዓመት ቤተሰቤን ያኖርኩበት ነው። የማነሣው አንድ ምሳሌ የሒሳብ ሰው ምሳሌ ነው። ዴንማርክ ከ1995 ጀምሮ በእንስሳትም በሰውም የአንቲባዮቲክ አጠቃቀምንና መላመድን ትመዘግባለች፤ ቀጥላም እያንዳንዱ እርባታ ምን ያህል እንደሚጠቀም በስሙ እንዲመዘገብ አደረገች። በ2010 ደግሞ ከተቀመጠለት መጠን ያለፈ የአሳማ እርባታ እንደ እግር ኳስ ተጫዋች ቢጫ ካርድ እንዲሰጠው ደነገገች። ስዊድን ለእድገት የሚሰጠውን ከ1986 ጀምሮ ከልክላ ነበር፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2006 ተከተላት፣ አሜሪካ ለሰው ሕክምና የሚውሉትን በ2017። ያኔ «እርባታው ይከስራል» የተባለው ብዙ ነበር። ከ1992 እስከ 2008 ዴንማርክ ውስጥ በአንድ ኪሎ አሳማ የሚውለው አንቲባዮቲክ ከግማሽ በላይ ሲቀንስ በዓመት የሚመረተው የአሳማ ቁጥር ከ18 ሚሊዮን ወደ 27 ሚሊዮን አደገ። መዝገቡ ሲከፈት እርባታው አልሞተም።

ስለዚህ የኢኮኖሚ ገጻችሁን የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ የአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋ ስትጽፉ፣ ጸሐፊዎ ድርጅቱን ጠርተው የአንቲባዮቲኩን መጠን፣ የፍጉን መድረሻና የሞቱት የሚገቡበትን ቦታ ይጠይቁ። መልስ ባያገኙም ጥያቄውን ያትሙት፤ ባዶው ሰንጠረዥ ራሱ ዜና ነው።

እኔ ይህን ለማድረግ ሞክሬ ነበር። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ፣ በዓመቱ መዝጊያ ሒሳብ ላይ «የበድን ጉድጓድና የአካባቢ ውሃ» የሚል አዲስ መስመር ከፍቼ በፊቱ ዜሮ ጻፍኩ። ኦዲተሩ ወጣት ልጅ ነበር፤ ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ «ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው?» አለኝ። አስረዳሁት። ከልቡ አዳመጠኝ፣ ከዚያም «ደረሰኝ አለው?» ብሎ ጠየቀኝ። የለውም አልኩት። «እንግዲያው ይውጣ» አለ። ከሙያው አኳያ ልክ ነበር። እርሳሴን አንሥቼ መስመሩን ሰረዝኩት።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የሒሳብ ሹም
(ስሜ በዝግጅት ክፍሉ ዘንድ ብቻ ይቆይልኝ)